ኤፍኤክስ-991ኢኤስ ፕላስ ካልኩሌተር ለኤክስፖኔንሻል ጥያቄዎች ምን ያህል ያግዛል?

የካሲዮው ኤፍኤክስ-991ኢኤስ ፕላስ ከርካሾቹ ሞዴሎች የሚለይበት ዋናው ነገር ሶልቭ ነው፤ ያልታወቀውን ቁጥር ፈልጎ ያወጣል። ግን 10ኛ ክፍል ላይ ለሚመጡት ኤክስፖኔንሻል (ያልታወቀው ቁጥር አርቢ ላይ የሚገኝባቸው) ወርድ ፕሮብሌሞች በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ?

የተለመደውን ጥያቄ እንውሰድ። 10,000 ብር በዓመት 7 በመቶ ወለድ ተቀመጠ፤ ወለዱ በየዓመቱ መጨረሻ ዋናው ላይ ይደመራል። 25,000 ብር የሚሞላው በስንት ዓመት ነው? እኩልታው 10,000 × 1.07^ኤክስ = 25,000 ነው። ኤክስን ለመጻፍ አልፋን ነክቶ የቀኝ ቅንፍን፣ የእኩል ምልክቱን ለመጻፍ ደግሞ አልፋን ነክቶ ካልክን መጫን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ አርቢውን ከጻፉ በኋላ በቀኝ ቀስት ካልወጡ የእኩል ምልክቱ አርቢው ውስጥ ይገባና ሲንታክስ ኤረር ይመጣል። ከዚያ ሺፍትና ካልክ፣ መነሻ ግምት 10፣ በመጨረሻ ታች ያለው እኩል ይሆናል። መልሱ 13.5428 ነው፤ ከሥሩ ኤል-አር (ግራው ሲቀነስ ቀኙ) = 0 ካለ ሁለቱ ወገኖች ገጥመዋል ማለት ነው።

ጥያቄው ግን እዚህ አያልቅም። ወለዱ የሚደመረው በዓመት አንዴ ስለሆነ በ13ኛው ዓመት መጨረሻ ያለው 24,098 ብር ገደማ፣ በ14ኛው 25,785 ነው። ስለዚህ መልሱ 14 ነው። ይህን ማሽኑ አይነግራችሁም። ሞድ 7 ውስጥ ያለው ቴብል ከ10 እስከ 15 ያሉትን ዓመታት ዘርዝሮ ሲያሳይ ነገሩ ወለል ብሎ ይታያል፤ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ከሶልቭ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

በሎጋሪዝምም ይሄው መልስ ይገኛል፦ ሎግ(2.5) ÷ ሎግ(1.07)። የሎግ ቁልፍ ቅንፉን ራሱ ይከፍታል፣ አይዘጋም። ከ2.5 በኋላ ሳትዘጉ ከቀጠላችሁ 1.93 ይወጣል፤ ስህተት መሆኑን የሚናገር ምልክት ግን የለም። በ1.07 ፈንታ 0.07 የጻፈ ደግሞ -0.34 ያገኛል። ዓመት ኔጌቲቭ ከሆነ ችግሩ ያለው እኩልታው ላይ ነው።

ሶልቭ ዋጋውን የሚያወጣው ኤክስ አርቢም ሆኖ ከአርቢ ውጭም ሲመጣ ነው፤ ያኔ ሎግ ብቻውን አይፈታውም። አንዱ ደመወዝ ከ10,000 ተነስቶ በየዓመቱ 1,000 ብር ይጨምራል፣ ሌላው ከ8,000 ተነስቶ 10 በመቶ ያድጋል እንበል፤ መቼ ይገናኛሉ? 10,000 + 1,000ኤክስ = 8,000 × 1.1^ኤክስ። ከ10 ሲነሳ 9.17 ያወጣል። ማሽኑ በኒውተን ዘዴ፣ ማለትም ከመነሻ ግምቱ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ወደ መልሱ በመጠጋት፣ ስለሚሠራ ከ0 ከተነሳ ግን ወደ -5.06 ይወርዳል፤ እኩልታውን ያሟላል፣ ለደመወዙ ግን ትርጉም የለውም። ግምት ካልሰጣችሁት ደግሞ ከቀድሞ ስሌት ኤክስ ላይ የቀረውን ቁጥር መነሻ ያደርጋል። ኢኪውኤን የሚለውን ሞድ ለዚህ አትሞክሩት፤ እሱ ለፖሊኖሚያልና ለተጣማሪ ሊኒየር እኩልታዎች ብቻ ነው።

ሌላው ገደቡ በጣም ትንንሽ ቁጥሮች ላይ ይታያል። የካርቦን-14 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 5,730 ዓመት ነው። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ አጥንት ውስጥ ስንት እጅ ቀረ ብላችሁ 0.5^(3,200,000 ÷ 5,730) ብትጽፉ 0 ይላል፤ እውነተኛው ከ10^-168 አካባቢ ሲሆን ማሽኑ ከ10^-99 በታች አይወርድም። ዕድሜዋ በካርቦን ሳይሆን በአካባቢው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ባለው አርጎን የተለካውም ከካርቦኑ የሚለካ ነገር ስለማይተርፍ ነው።

ለ10ኛ ክፍል ብቻ ከሆነ ኤፍኤክስ-82ኢኤስ ፕላስ ይበቃል፤ ሶልቭ የለውም እንጂ ሎግም ቴብልም አለው። ወደ ምህንድስና ለሚያመራ ተማሪ ግን 991ዱን ግዙለት። በፀሐይ ብርሃንና በኤልአር44 ባትሪ ይሠራል። ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት 2^ኤክስ = 8 ጽፋችሁ በሶልቭ አስፈቱት፤ 3 ካላወጣ መልሳችሁ ስጡት።