የላብራቶሪ አልማዝ ወይስ የተፈጥሮ? ቀለበት ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ደወለችልኝ። ወርቅ ቤት ቆማለች። ሁለት ቀለበት ፊት ለፊቷ ደርድረውላታል፣ ብታያቸው ብታያቸው አንድ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን ሰማይና ምድር። "ይሄኛው ላብ ነው ይሉኛል፣ ምን ማለታቸው ነው?" አለችኝ። እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ የግንባር ላብ ነው። አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ብር ስለሆነ ብዙም አልተሳሳትኩም።

ላብ ያሏት ለካ ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራ አልማዝ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ደሴም ኮምቦልቻም ሰርግ የደረሰበት ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

በመጀመሪያ፣ የላብራቶሪው አልማዝ "ፌክ" አይደለም። ፌክ የሚባለው ኪዩቢክ ዚርኮኒያና መስታወት ነው። ይሄ እንደ ተፈጥሮው ካርቦን ነው፣ ጥንካሬውም በሞስ መለኪያ (የድንጋይ ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 የሚለካበት ነው) ያው 10 ነው። ልዩነቱ የትውልድ ቦታው ላይ ነው። የተፈጥሮው ከመሬት በታች 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ላይ ተሠርቶ፣ አብዛኛው ከቢሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እሳተ ገሞራ ገፍቶ ያወጣው ድንጋይ ነው። የላብራቶሪው በማሽን ውስጥ በሳምንታት ያድጋል፤ ወይ በከባድ ግፊትና ሙቀት፣ ወይ ደግሞ ካርቦን ያለበት ጋዝ ስስ አልማዝ ላይ እየተነባበረ። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ አልማዝ መሥራቱን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ለጌጥ የሚሆን ጥሩ ድንጋይ በርካሽ ማውጣት ነው የዘገየው።

በዓይን ይለያል ወይ? አይለይም። ትንፋሽ ብታደርጉበት፣ ጋዜጣ ላይ ብታስቀምጡት፣ ውሃ ውስጥ ብትጥሉት ምንም አይነግራችሁም። ያቺ ወርቅ ቤቶች የሚይዟት ጢጥ የምትል እስኪሪብቶ መሳይ መሣሪያም ለሁለቱም ትጮኻለች፣ ሁለቱም አልማዝ ናቸዋ። እንዲያውም ሙቀት ብቻ የምትለካዋ ሞይሳናይት የሚባለውን ሌላ ድንጋይ አልማዝ ነው ብላ ልታሳልፍ ትችላለች። የሚለየው ልዩ መሣሪያ ያለው መርማሪ ነው። ለእኛ ያለን ወረቀቱ ነው፤ እንደ ጂአይኤ ወይም አይጂአይ ካለ መርማሪ ተቋም የተሰጠ ሰርተፍኬት። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ በሌዘር ድንጋዩ ወገብ ላይ ተጽፏል፣ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር አሳዩኝ በሉና ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት፣ ከዚያ ቁጥሩን በስልካችሁ የተቋሙ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ሻጩ ፊቱን ካጨማደደ ውጡ።

አንድ ሰውን ሁሉ የሚያምታታ ነገር አለ፣ ካራት። ወርቅ 21 ካራት ነው ስንል የጥራቱን ነው። አልማዝ ላይ ካራት ክብደት ነው፣ 1 ካራት 0.2 ግራም። አንድ ዘመዳችን "18 ካራት አልማዝ ገዛሁ" ብሎ ሰፈሩን አስደንግጦ ነበር። 18 የነበረው ወርቁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፣ ወደ ዋጋው። የላብራቶሪው በተመሳሳይ መጠንና ጥራት ከተፈጥሮው ሩብ ዋጋ በታች ሊገኝ ይችላል። ግን እየወረደ ነው። ዲቢርስ፣ ያ ስንት ዘመን የተፈጥሮ አልማዝ ሲሸጥ የኖረው ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ላይትቦክስ በሚል ስም የላብራቶሪ አልማዝ በካራት 800 ዶላር መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ ገበያው እየረከሰ ሄደና በ2025 ልዘጋው ነው አለ። ጂአይኤም በዚያው ዓመት ለላብራቶሪው ዝርዝር የቀለምና የጥራት ደረጃ መስጠቱን ትቶ "ፕሪሚየም" ወይም "ስታንዳርድ" ወደ ማለት ገባ። ስለዚህ ላብራቶሪ የሚገዛ ሰው መልሼ እሸጠዋለሁ ብሎ አያስብ።

የተፈጥሮውስ? እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰው የሚሸወደው። ወርቅ ለምደናላ። ወርቅ ሲቸግርህ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ይመዘናል፣ የዕለቱ ዋጋ ይቆረጣል፣ አለቀ። አልማዝ እንዲህ አይደለም። አንዲት ጎረቤቴ ባለ አልማዝ ቀለበቷን ልትሸጥ ስትሄድ አብሬ ሄጄ ነበር። ሰውዬው ቀለበቱን አገላበጠ፣ ጉጠት አነሳ፣ ድንጋዩን የያዙትን አራት ጥፍሮች አንድ በአንድ ቀና አደረገና ድንጋዩን ወረቀት ላይ ጣል አደረገው። ከዚያ ወርቁን ብቻ ሚዛን ላይ አስቀመጠ። ወርቁን ከፈላት። ድንጋዩን በወረቀቱ ጠቅልሎ "ይሄን ለልጅሽ አስቀምጪላት" ብሎ መለሰላት። ድንጋዩ የተፈጥሮ ነበር፣ ወረቀትም ነበረው። የሚገዛው አላገኘችም። ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ገዢ ቢገኝም ከተገዛበት ዋጋ በብዙ ዝቅ ብሎ ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ለጣት፣ ለውበት፣ ለፎቶም ከሆነ ላብራቶሪውን ግዙ፣ በተረፈው ብር 21 ካራት አምባር ግዙበት። "ከመሬት የወጣ፣ ሁለተኛ የሌለው ይሁንልኝ፣ ለልጅ ልጅ ይለፍ" የምትሉ ከሆነ የተፈጥሮውን፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከነወረቀቱ። ስለ ግጭት አልማዝ የሚጨነቅ ካለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚሠራው የኪምበርሊ ስምምነት የሚከለክለው አማፂዎች ለጦርነት የሚሸጡትን ጥሬ ድንጋይ ነው እንጂ የማዕድን ሠራተኛውን ኑሮ አይመረምርም። ላብራቶሪውም ቢሆን ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ንጹሕነቱ መብራቱ ከምን እንደመጣ ነው የሚወሰነው።

ሁለቱም ቢሆኑ ቡና ስትወቅጡ አውልቁት። አልማዝ አይጫርም እንጂ ዘነዘና ጎኑን ካገኘው ይፈነከታል።

"የአገራችን ኦፓል እያለ?" የሚለኝም አይጠፋም። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ኦፓል ውስጡ ቀስተ ደመና ነው፣ እኔ ከአልማዝ ይልቅ እሱን ነው የምወደው። ግን ለየዕለቱ ቀለበት አይሆንም። ጥንካሬው 6 አካባቢ ነው፣ ውሃም ይጠጣል፤ ሊጥ ስታቦኩበት ቀለሙ ጥፍት ይልና እስኪደርቅ ታዝናላችሁ። ለጆሮ ወይም ለአንገት አድርጉት። ጥቁር ነው ብለው ካቀረቡላችሁ ደግሞ በጭስ የጠቆረ እንዳይሆን ጠይቁ።

የአክስቴ ልጅ ላብራቶሪውን ገዛች፣ ባለ 1 ካራት፣ ከአምባር ጋር። ደሴ ስትገባ እናቷ ጣቷን ያዝ አድርጋ ወደ መስኮቱ አዞረችው፣ ብልጭልጩን ትንሽ አየችና "ማሻ አላህ" አለች። ከዚያ "ስንት ግራም ነው?" አለቻት።