ሎፍታችንን ለሠራልን ወንድምና ባልደረቦቹ ምስጋና፣ ለማሠራት ለምታስቡ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለንደንና አካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖች። ሎፍታችንን፣ ማለትም የጣሪያችንን ሥር፣ ወደ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ለቀየረልን ኮንትራክተር ወንድማችን፣ አብረውት ለደከሙት አናጢዎች፣ ለቧንቧ፣ ለኤሌክትሪክና ለልስን ሠራተኞቹ በአደባባይ ምስጋናችንን እናቀርባለን። እጃችሁ ይባረክ። ቤቱ በቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ፣ በግራም በቀኝም ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ነው፤ ሥራውም ከኋላ በኩል ዶርመር፣ ማለትም ከተዳፋቱ ጣሪያ ወደ ውጭ የሚወጣ ባለ መስኮት ክፍል፣ ማውጣት ነበር። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እሱም ፈቅዷል።

የምናመሰግነው ለእጁ ጥራት ብቻ አይደለም። ሎፍት ሰውን የሚያስለቅሰው ዋጋ ማቅረቢያው ላይ ሳይጻፍ በቀረው ነገር ነው። ይህ ወንድማችን ግን ሌላው የሚዘለውን ሁሉ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ሰጠን።

ዋጋው 62,000 ፓውንድ፣ 20 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 74,400 ነበር። ሁለቱም ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፏል። ብዙ ቦታ ግን ቫቱ ከወረቀቱ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ይቀመጥና 12,400 ፓውንድ ዱብ ዕዳ ይሆናል። «እኔ ቫት አላስከፍልም» የሚል ካጋጠማችሁ ምክንያቱን ጠይቁት። ወጪ ሳይቀነስ የዓመት ገቢው 90,000 ፓውንድ ያልሞላ ሰው እንዲመዘገብ አይገደድም፤ በዓመት ሁለት ሎፍት የሠራ ግን ከዚያ ማለፉ አይቀርም።

በዋጋው ውስጥ ስካፎልዱ (ከውጭ የሚቆመው የሥራ መወጣጫ)፣ አዲሱን ወለል የሚሸከመው ብረት፣ ደረጃው፣ ኢንሱሌሽኑ (ሙቀት እንዳይወጣ የሚከላከለው)፣ መስኮቶቹ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ማሞቂያው፣ ልስኑና የፍርስራሽ መጫኛው ስኪፕ ተካተዋል። የንድፍ ሥዕሉ፣ የኢንጂነሩ ስሌት፣ የካውንስሉ የሕንፃ ቁጥጥር ክፍያ፣ የመታጠቢያው ዕቃና ሴራሚክ፣ ቀለምና ምንጣፍ ግን የሉበትም። ለነዚህ 9,000 ፓውንድ ያህል ለብቻ ያዙ ብሎን ነበር፤ የወጣውም ከዚያ እምብዛም አልራቀም።

ጊዜውን በተመለከተ ግንባታው ዘጠኝ ሳምንት ወሰደ፤ ወረቀቱ ግን ከዚያ በፊት አራት ወር ፈጅቷል። ዋናው ምክንያት የጋራ ግድግዳ ነው። የብረቶቹ ጫፍ ከጎረቤት ጋር በምንጋራው ግድግዳ ውስጥ ስለሚገባ፣ በ1996ቱ የጋራ ግድግዳ ሕግ መሠረት ከሥራው ሁለት ወር በፊት ለጎረቤት በጽሑፍ ማስታወቅ ግድ ነው። ጎረቤት በ14 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ዝምታው እንደ አለመስማማት ይቆጠራል። ያን ጊዜ ሰርቬየር፣ ማለትም የጋራ ግድግዳውን ጉዳይ የሚዳኝ ባለሙያ፣ መሾም ይመጣል፤ ክፍያውም አብዛኛውን ጊዜ በሚያሠራው ላይ ያርፋል። ወንድማችን የመከረን ደብዳቤው በፖስታ ከመድረሱ በፊት በር አንኳኩተን ሥዕሉን እንድናሳያቸው ነበር። ሁለቱም ወገኖች ፈረሙ።

የፕላን ፈቃድ ሳይጠየቅ የሚፈቀደው ጭማሪ ለተያያዘ ቤት 40፣ ለብቻው ለቆመ ወይም በአንድ ጎን ብቻ ለተያያዘ ቤት 50 ሜትር ኩብ ነው። የቀድሞው ባለቤት ጣሪያው ላይ የጨመረው ካለ አብሮ ይቆጠራል። ፍላት ውስጥ የምትኖሩ ይህ አይመለከታችሁም፤ ቤታችሁ በቅርስነት በተከለለ ሰፈር ውስጥ ከሆነም ለዶርመር ፈቃድ ማመልከት አለባችሁ። ፈቃድ የማያስፈልገው ቢሆንም ሕጋዊነቱን የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት ከካውንስሉ አውጡ፤ ቤቱ ሲሸጥ የገዢው ጠበቃ ይጠይቃል።

ስለ ብረቱና ስለ ወለሉ ትንሽ ልዘርዝር፣ የሠራተኛ ልክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ጆይስት፣ ማለትም ወራጅ እንጨቱ፣ 10 በ5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተሠራው ኮርኒስ እንዲይዝ እንጂ አልጋና ሰው እንዲሸከም አይደለም። አዲሱ ወለል በብረቶቹ ላይ አርፎ ከታችኛው ኮርኒስ ሳይነካካ መቆም አለበት። ከነካ ላይ ልጅ በሮጠ ቁጥር የታችኛው ኮርኒስ ይሰነጠቃል። አናጢው ከእያንዳንዱ አዲስ ወራጅ ሥር 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ቁራጭ እንጨት እያሾለከ ሲፈትሽ ዋለ፤ አንዱ ላይ አልሾልክ ስትለው ማንም ሳይነግረው ፈትቶ እንደገና ሰቀለው። ብረቱም አንድ ወጥ ሆኖ ወደ ላይ ስለማይወጣ ለሁለት ተከፍሎ መጣና ላይ በብሎን ተጋጠመ። መገጣጠሚያውን ኢንጂነሩ አስቀድሞ ማስላት አለበት። ጫፎቹም በአሮጌ ጡብ ላይ በባዶው አልተጫኑም፤ የኮንክሪት መደገፊያ ተደርጎላቸዋል።

በጣም የምናመሰግነው ሌላው ነገር የእሳት ደኅንነቱ ነው። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሦስተኛ ሲጨመርበት ከላይኛው ክፍል እስከ ውጭ በር ያለው መውረጃ እሳትን 30 ደቂቃ መከላከል ይኖርበታል። ስለዚህ ወደ ደረጃው የሚከፈቱ የመኝታና የሳሎን በሮች ይለወጣሉ፤ በየፎቁም እርስ በርስ የተያያዙ፣ ከመብራት መስመር የሚሠሩ የጭስ ማስጠንቀቂያዎች ይገባሉ። እሱ ስድስቱንም በሮች ቆጥሮ ዋጋው ውስጥ አስገብቷቸዋል። ሳሎንና ወጥ ቤቱን አፍርሳችሁ ከደረጃው ጋር ያገናኛችሁ ደግሞ፣ ግድግዳ መመለስ ወይም የውኃ መርጫ ማስገባት ሊጠየቅባችሁ ስለሚችል ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት ይህን አንሱ።

ቤት ውስጥ ስለሚደርሰው መጉላላት፦ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳምንታት የወጡትም የወረዱትም በስካፎልዱ ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ የደረሰው ድምፅና ከኮርኒስ ስንጥቅ የሚወርድ ብናኝ ብቻ ነበር። የኋላው ጣሪያ ተከፍቶ በቆየባቸው ቀናት ማታ ማታ ሸራው ታስሮ ሳይፈተሽ ማንም አይሄድም ነበር። ከባዱ ስድስተኛው ሳምንት ነው፤ ለደረጃው የኮሪደሩ ኮርኒስ ሲቀደድ ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ጥቀርሻ ይወርዳል። ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ሰቀሉ፣ የመኝታ ቤቶቹን በር ዙሪያ በቴፕ አሸጉ፣ በየማታው ጠርገው ሄዱ። የድሮው የውኃ ታንከር ሲነሳ ሙቅ ውኃ ለሁለት ቀን እንደሚቋረጥም ከሳምንት በፊት አሳወቁን። የመዘግየት ነገር የነበረው በአንድ መስኮት ነው፤ አቅራቢው በተሳሳተ ልክ ልኮ አራት ቀን ጠፋ፣ ዋጋ ግን አልተጨመረብንም።

ኢንሱሌሽኑንም በጥንቃቄ ነው የሠሩት። በተዳፋቱ ጣሪያ በኩል ከኢንሱሌሽኑ ቦርድ በላይ 50 ሚሊ ሜትር የአየር መተላለፊያ ተትቷል። ይህ ከተዘጋ እርጥበት ይጠራቀምና እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ከልስን በኋላ ደግሞ ማንም አያየውም። ስለዚህ የካውንስሉ ተቆጣጣሪ መጥቶ እስኪያይ ልስን አልተመታም።

ክፍያው በአምስት ዙር ነበር፤ እያንዳንዱ የሚከፈለው የተባለው ሥራ አልቆ ሲታይ ነው። የመጨረሻውን 5 በመቶ የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬቱ እጃችን እስኪገባ አልጠየቀንም። ሥራው ሳይጀመር ለቤት ኢንሹራንሳችሁ ማሳወቅን አትርሱ፤ ይህንንም ያስታወሰን እሱ ነው።

ስትደውሉለት በመጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ቁመቱን ነው። ሎፍት ውስጥ ገብታችሁ ከወራጁ እንጨት ላይ እስከ ጣሪያው አናት እንጨት ሥር ለኩ። ወለሉ ከታች፣ ኢንሱሌሽኑ ከላይ ስለሚቀንሱት 2.2 ሜትር ካልሞላ ሥራው ይወሳሰባል፤ 2.4 ካለ ደስ ይላል። ደረጃው የሚያርፍበትን ኮሪደርም ፎቶ አንሱለት፤ ከታችኛው መኝታ ቤት ቦታ ይቆርስ እንደሆነ ከዚያ ያያል። አሁን ወረፋው ሦስት ወር ያህል ስለሆነ ወረቀቱን እስከዚያው ጀምሩ።