ስሟን ፀሐይ የበላባት ሙዚቃ ቤት

ታፔላው ላይ የቀረው «ሙዚቃ ቤት» የሚለው ብቻ ነው። ስሙን ፀሐይ በልቶታል። ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ወደ ገበያው ስትወርዱ ከባጃጆቹ ጀርባ ነች፤ ዓይናችሁን ካልጣላችሁባት ታልፏታላችሁ።

ውስጧ ሁለት ሰው ይይዛል፣ ሦስተኛው በር ላይ ይጠብቃል። ግድግዳው ሙሉ ካሴት ነው። ባንኮኒው ላይ አንድ ቴፕና ጫፏ የታኘከ እስክሪብቶ አለች፤ መጻፊያ እንዳትመስላችሁ፣ ካሴት ማጠንጠኛ ናት።

የሄድኩት አባቴ ሲላጭ የሚያንጎራጉራትን ዘፈን ፍለጋ ነው። ግጥሙን አላውቀውም፣ ዜማውንም ግማሹን ብቻ። እያፈርኩ ትንሽ እንዳዜምኩላቸው ባለሱቁ ጋሼ ወንበር ላይ ወጡና ከላይኛው መደርደሪያ አውርደው፣ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ «ሳይድ ቢ፣ ሦስተኛው» አሉኝ። ልክ ነበር!

ከዚያ በፊት አንድ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ሞክሬ ነበር። ስፒከር ለገዛ ሰው ፍላሽ ላይ ዘፈን ሞልተው በነፃ ይሰጣሉ። ቤት ሄጄ ስከፍተው «ትራክ 07»፣ «ትራክ 08» ይላል። ዘፋኙ ማን ነው? ግጥሙስ የማን ነው? ያቀናበረውስ? ካሴቱ ሽፋን ላይ ግን፣ ፊደሉ ዓይን ቢያጠፋም፣ ሁሉም ተጽፏል።

ታዲያ እነ ጋሼ በነፃ ከሚሰጥ ጋር በምን ይወዳደሩ? መደብሩ ትርፉ ከስፒከሩ ነው፣ ዘፈኑ ገዢ መሳቢያ ነው። አሜሪካም እንዲሁ ነበር፤ እነ ዋልማርትና ቤስት ባይ የሚባሉት ትልልቅ መደብሮች ሲዲውን አርክሰው ሰዉን ወደ ቴሌቪዥንና ፍሪጁ ሳቡት፣ በዚያ ላይ ኢንተርኔቱ መጣ፣ ትልቁ ሙዚቃ ቤት ታወር ሬከርድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2006 እዚያ ያሉትን ሱቆቹን ዘጋ። የአሜሪካዎቹ መደብሮች ግን ቢያንስ ለዘፋኙ ሳንቲም የሚደርስበትን ሲዲ ነበር የሚሸጡት።

ጋሼ ስለ ሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተፈቀደበት ዘመን፣ የራሱ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ አምሃ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ ማሳተም ጀመረ። «ያኔም ትንሹን የሚጋፋ ትልቅ ነበረ እኮ ልጄ» ይላሉ።

ችግሩንም ልናገር። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አይከፈትም። ካሴት ደግሞ እዚያው አስከፍታችሁ ሳትሰሙ እንዳትገዙ፤ የኔን ቤት ስደርስ ቴፑ በላው። ስመልሰው መጀመሪያ በቴፔ አሳበቡ፣ ከዚያ ክሩን ቆርጠው በስኮች ለጠፉና በእስክሪብቶዋ አጠንጥነው ሰጡኝ። አሁን መሃል ላይ አንድ ቃል ይዘላል፣ አባቴ ራሱ ይሞላታል።

ማጫወቻ ከሌላችሁ፣ ካሴቱን እስከገዛችሁ ድረስ ወደ ፍላሽ ይገለብጡላችኋል፣ የእያንዳንዱን ዘፈን ስም ጽፈው። ካሴቱ ተጫውቶ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ቡና ከጎረቤት ይመጣል።