በተፈጥሮ አበባ ተስማምተን ፕላስቲክ መጣልን

የእህቴ ሰርግ ጥር ላይ ነበር። ጥር ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ሁዳዴ ሳይገባ ሁሉም ይደግሳል፤ ባለሙያ እንደ ልብ አይገኝም። ዲኮር የሚሠራልን ሰውዬ ያሳየን ፎቶ ልብ ይሰርቃል። ግማሹን ቀብድ ወዲያው ከፈልን። ውሉ ላይ የተጻፈው ግን «ሙሉ ዲኮር» ብቻ ነው።

በሰርጉ ጠዋት አዳራሽ ገባሁ። ከሙሽሮቹ መቀመጫ ጀርባ ያለውን ጽጌረዳ ነካሁት፤ ፕላስቲክ ነው። ቅጠሉ ላይ የሌላ ሰርግ ሻማ ጠብታ ደርቆ ተጣብቋል። እህቴ እንዳታየው በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት። ሰውዬውን ስጠይቀው «የተፈጥሮ ከሆነ ጭማሪ አለው» አለኝ። በዚያ ሰዓት ምን ይባላል? ከፈልን። አበባው ግን አልመጣም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፎቶና ቪዲዮ የሠራልን ልጅ ግን እግዜር ይስጠው። ከመፈራረማችን በፊት የተመራረጡ ፎቶዎችን ሳይሆን የአንድ ሰርግ ሙሉ አልበም አሳየን። ስንት ካሜራ እንደሚያመጣ፣ መልሱንም እንደሚያነሳ፣ አልበሙ መቼ እንደሚደርስ ጽፎ ፈረመ። ቀሪውን ብር የተቀበለው አልበሙን ሲያስረክበን ነው። ለወንድሜ ሰርግም የምጠራው እሱን ነው። ለዲኮር ግን ባለሙያው የሠራውን ሌላ ሰርግ ላይ ሄጄ በእጄ ሳልነካ አንድ ብር አልከፍልም።