የቦይለር ሴፍቲ ቫልቭ፦ ባለ 400 ብሩ ወይስ ባለ 1,500ው?

«ቦይለሬ እያንጠባጠበ ነው፣ የትኛውን ቫልቭ ልግዛ?» ጅማ ውስጥ ቦይለር ያስገቡ ወዳጆቼ በየተራ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ገበያ ላይ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ከ350 እስከ 450 ብር የሚጠራው ኮፒ አለ፤ ከ1,400 እስከ 1,700 የሚጠራው ኦርጅናል አለ። ሰሞኑን እዚሁ ጅማ መርካቶ የተጠራልኝ ዋጋ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ረግቶ ስለማያውቅ፣ ቁጥሩን ሳይሆን ልዩነቱን ያዙልኝ። እኔ ኦርጅናሉን ነው የምለው። ግን ቆይ፣ ምናልባት ጭራሽ ምንም መግዛት አያስፈልጋችሁም።

ውሃ ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 65 ዲግሪ ሲደርስ 0.9 ሊትር ገደማ ትርፍ ይኖረዋል። ቦይለሩ ቀዝቃዛ ውሃ መግቢያ ላይ የሚታሰረው ሴፍቲ ቫልቭ ውስጥ ውሃውን ወደ ኋላ የማያስመልስ ቼክ ስላለ፣ ያ ትርፍ ወደ መስመሩ መመለስ አይችልም። ግፊቱ 8 ባር አካባቢ ሲደርስ በጎን ባለችው ቀዳዳ ይወጣል። ስለዚህ ቦይለሩ ሲበራ ብቻ የሚያንጠባጥብ ቫልቭ ሥራውን እየሠራ ነው። ቀጭን ጎማ ሰክታችሁ ወደ ፍሳሽ ልቀቁት፣ አለቀ።

የሚያሳስበው ጠፍቶና ቀዝቅዞም የሚያንጠባጥበው ነው። ብሬከሩን አጥፉና ትንሿን እጀታ ደጋግማችሁ አንሱ፤ ውሃው በኃይል ይውጣ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ደለል ይዞ ነው የሚመጣው። አንዲት ቅንጣት ጎማው ሥር ከገባች ቫልቩ አይገጥምም። አሁንም ካልቆመ ዋናውን መስመር ዘግታችሁ በሮቶ ብቻ ሞክሩት። አምስት ሜትር ማማ ላይ ያለ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት ግማሽ ባር ነው። በዚያም ቀዝቃዛ ሆኖ ካንጠባጠበ ጥፋቱ የቫልቩ ነው፣ ሌላ ማሳበቢያ የለም።

በሮቶ ቆሞ በመስመር፣ በተለይ ሌሊት ሌሊት፣ ከቀጠለ ግን የመስመሩን ግፊት ጠርጥሩ። አሥር ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ባር ገደማ ይጨምራል። ጅሬን ዳገት ላይ ያለ ቤትና አዌቱ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ከአንድ ታንከር ቢጠጡ እንኳ ግፊታቸው አይገናኝም። ለዚህ የሚያስፈልገው ሬዱሰር፣ ማለትም የመስመሩን ግፊት የሚቀንስ ዕቃ ነው። ቫልቭ ብትለዋውጡ ገንዘብ ማባከን ነው።

ቫልቩ ራሱ ከሆነ ወደ ገበያው እንሂድ። ሁለቱ መደርደሪያ ላይ መንታ ናቸው። ያው የሚያብረቀርቅ ቅብ፣ ያው እጀታ፣ ያው «8 ባር» የሚል ጽሑፍ። ጽሑፉን እርሱት፣ ማንም ያትመዋል። መጀመሪያ ሁለቱንም በሁለት እጅ መዝኑ፤ ኮፒው ቀለል ይላል። ከዚያ የጥርሱን ጫፍ በቤት ቁልፍ ጫር አድርጉት። ከቅቡ ሥር ቢጫ ከታየ ነሐስ ነው። ግራጫ ከሆነ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ጠበቅ ሲደረግ ጥርሱ ተሰብሮ ቧንቧው ላይ ይቀራል። «ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው ስልህ!» ብሎ አላስጭርም ካለ፣ ሻጩ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ቀጥሎ ያለውን ፈተና ማንም አያደርገውም፣ እኔ ግን ሳላደርገው አልገዛም። በቀዝቃዛ ውሃ መግቢያው በኩል እስክሪብቶ ከትታችሁ ቼኩን ግፉት። ተገፍቶ ቶሎ መመለስ አለበት። ኮፒዎቹ ላይ ዘንበል ብሎ ተቀርቅሮ የሚቀር አይቻለሁ። ከዚያ በቦይለሩ በኩል ባለው አፍ እፍ በሉበት። አየር ካለፈ ውሃም ያልፋል።

ይህ ቼክ ውሃ በሚቆራረጥበት ከተማ ከማንጠባጠቡ ይበልጣል። ውሃ ሲጠፋ ሰው ምን ያደርጋል? መጣ አልመጣ ብሎ ቧንቧ ይከፍታል። የሙቁ ቧንቧ ሲከፈት አየር ይገባል፤ ቼኩ የማይዝ ከሆነ ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ በቀዝቃዛው መስመር ቁልቁል ተመልሶ ይፈሳል። ማብሪያው በርቶ ከሆነ ውሃውን የሚያሞቀው ኤለመንት ባዶ ታንክ ውስጥ ይግላል፣ ይቃጠላል። ጎረቤቴ ያሉ አንዲት እናት ኮፒውን አስገጥመው ጠብ አላለም ብለው ሲያመሰግኑት ነበር። ጠብ ያላለው ግን ትርፉ ውሃ ወደ መስመሩ ይመለስ ስለነበር ነው፤ ኤለመንቱ የነደደውም በዚሁ ቫልቭ ምክንያት ነው። ሠራተኛው ፈቶ እፍ ሲልበት አየሩ እንደ ልብ አለፈ።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ኮፒ 400፣ የእጅ ዋጋ 400፤ 800 ብር። ሲበላሽ ደግሞ ሌላ 800። ኤለመንት ሲቃጠል ደግሞ ጎረቤቴ 1,800 ለዕቃው፣ 600 ለእጅ ከፍለዋል። ድምሩ 4,000 ብር ነው። ኦርጅናሉ በ1,500 ተገዝቶ 400 ለሠራተኛ ቢሰጥ 1,900 ነው። የእጅ ዋጋው ለሁለቱም አንድ መሆኑን ሰው ይረሳዋል፤ ርካሹን ለመግጠም ማንም ቅናሽ አያደርግም። 1,500 የተባለውን ደግሞ ጠበቅ ብላችሁ ተከራከሩ፣ 1,350 ድረስ ይወርዳል። 600 ብር ድረስ ወርዶ «ውሰደው» ከተባላችሁ ግን ተጠራጠሩ።

አሁን ያላችሁ ኦርጅናል ከሆነና የተጠራቀመበት ኖራ ብቻ ከሆነ፣ ፈትታችሁ አቼቶ ውስጥ አሳድሩት፤ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ይህ የአንድ ጠርሙስ አቼቶ ዋጋ ነው። ኮፒውን በአቼቶ አልሞክርም፤ ቅቡ ይላጣል፣ ዚንኩም ይበላል።

ቀዳዳዋን በቡሽ ወይም በብሎን ድፍን አድርገው «ቆመልኝ» የሚሉ አሉ። ይህ ቀልድ አይደለም። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ተበላሽቶ ውሃው ከመፍያው በላይ ከጋለና መውጫ ካጣ ታንኩ ይፈነዳል፤ አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር ከ1,600 ሊትር በላይ ይሆናል። እንዲህ የተደፈነ ቦይለር ያለው ተከራይ ካለ፣ ዛሬውኑ አጥፍቶ ያስፈታው።

ሲገጠም ቴፍሎኑ ከቫልቩ ጥርስ አልፎ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ዓይናችሁን ጣሉበት፤ ቁራጩ ቼኩ ሥር ገብቶ አዲሱን ዕቃ አሮጌ ያደርገዋል። አሮጌውን ነሐስም ለሠራተኛው አትተዉለት። ቆራሌው በኪሎ ይገዛዋል፣ ከአቼቶው ዋጋ ላይ ትንሽ ይመልስላችኋል።