ሳጥኑን እወደዋለሁ፤ የአየር ማስገቢያውን የቀደደውን ሰው ግን አልምረውም

የላሜራ ሳጥኑን ከገዛሁት ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። የሣር ማጨጃ ማሽኔን፣ የውሃ ጎማውን፣ ዶማውንና አካፋውን የማስቀምጥበት ነው። ቁመቱ ደረቴ ላይ ይደርሳል፤ ባለ ሁለት መዝጊያ ነው፤ ከባድ ነው። ቀለሙ አልተላጠም። ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብበት አንድ ጠብታ አላስገባም። ዋጋውን አልናገርም፤ ባለቤቴ ታነባለች። ስለ ጥሩነቱ ይህን ካልኩ ወደ ንዴቴ ልግባ።

አይጥ ገባበት።

በመዝጊያው በኩል ቢሆን አይቆጨኝም ነበር። የገባችው ሠሪው "አየር እንዲያገኝ" ብሎ በሁለቱም ጎን ደርድሮ በቀደዳቸው መስመሮች ነው። ያውም ሲያስረክበኝ በእነዚያ መስመሮች ነበር የሚኮራው። "እንደ ውጭ ዕቃ ነው የሠራሁልህ" አለኝ።

የምኖረው ኡራኤል አካባቢ፣ ጓሮ ያለው አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። በ2017 መጀመሪያ ከጎናችን የካዛንቺስ ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ለአይጥ ግን ምትክ ቦታ የሰጠ የለም። ምትኩን ራሱ ፈለገ፤ የእኛን ሰርቪስ ቤት አገኘ። መጀመሪያ የውሃ ጎማውን በሱት። ቀጥለው የሣር ዘር ያለበትን ከረጢት ቀደዱ። ሳጥኑን የገዛሁት ያኔ ነው፤ ኅዳር ላይ፣ ሣሩ ማደግ ሲያቆም። ማሽኑን አጥቤ፣ ቤንዚኑን አፍስሼ፣ ከሥሩ የተጣበቀውን ደረቅ ሣር ፍቄ አስገባሁት። ቆለፍኩ። ተዝናናሁ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር አወጣሁት። ቤንዚን ሞላሁ፤ ገመዱን ሳብኩ። ትከሻዬ እስኪዝል ሳብኩ። ወይ ፍንክች! መካኒክ ተጠራ። ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚፈነጥቀውን ዕቃ፣ ፈቶ ሞከረና "ጋሼ፣ እሳት የለውም" አለኝ። ከዚያ የላይኛውን የማራገቢያ ሽፋን አነሳው። ውስጡ በተበጣጠሰ ከረጢትና ከአየር ፊልትሮው በተቦጨቀ ስፖንጅ ጢም ብሏል። የእጅ ጓንቴ ጣትም እዚያው ነበረች። ሙሉ ጎጆ ነው፤ ምንጣፍ ብቻ ነው የጎደለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው አይጥ ጎማና ሽቦ ከመብላት ሌላ ጉዳት ያላት አይመስለውም። ይህ ዓይነት ሞተር ራዲያተር የለውም። የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ሽፋኑ ሥር ያለው ማራገቢያ አየር ስቦ ሲሊንደሩን (ቤንዚኑ የሚቃጠልበትን የሞተሩን ክፍል) በከበቡት ስስ የብረት ክንፎች መሃል ያሳልፋል። ያ መንገድ በጎጆ ከተደፈነ ሞተሩ እየሠራ ይግላል፤ ከባሰም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰው ፒስተን ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ጥገና ሳይሆን አዲስ ሞተር ነው የምትፈልገው።

ታዲያ ማሽኑ ያልተነሳው በጎጆው ምክንያት አይደለም። ሞተሩ የሚጠፋበት ቀጭን ሽቦ አለ። እሱ የሞተሩን ብረት ሲነካ እሳቱ ይቋረጣል። አይጧ የሽቦውን የፕላስቲክ ልባስ በልታዋለች፤ ራቁቱን ቀርቶ ብረቱ ላይ ተጋድሟል። ስለዚህ ገመዱን ስስብ ብውል ማሽኑ እንደጠፋ ነው። ያንን ሽቦ ባትበላው ኖሮ ግን ይነሳልኝ ነበር፤ እኔም ጎጆውን ይዤ ጓሮውን ሳጭድ ሞተሩን አቃጥለው ነበር። እስካሁን ልርገማት ወይስ ላመስግናት አልወሰንኩም።

"አየር ከሌለው እኮ ቤንዚኑ ይታፈናል" ይለኛል ሠሪው፣ በሐሳቤ ስከራከረው። ልክ ነህ ወንድሜ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ መውጫ ያስፈልገዋል። ማነው አየር አያስፈልግም ያለህ? ጠቤ ከስፋቱ ጋር ነው። የቀደድከው መስመር ጣቴን ያስገባል። ለትንሿ የቤት አይጥ ስድስት ሚሊ ሜትር፣ እርሳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ማለት ነው፣ ይበቃታል። ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው ሰውነቷ ይከተላል። "ከመሬት ከፍ አድርጌዋለሁ" እንዳትለኝ ደግሞ። አይጥ ትዘላለች፤ ሻካራ ግድግዳም ትወጣለች።

ሌላም ሻጭ አለ። ይኼኛው ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ሰው በማይሰማው ድምፅ አይጥ የሚያባርር ዕቃ ሊሸጥልኝ የሚፈልግ ነው። ላሜራ ሳጥን ውስጥ ላለች አይጥ? ያ ድምፅ እኮ ግድግዳና ዕቃ አያልፍም። አይጧም ውላ አድራ ትለምደዋለች። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 እንዲህ ያለ ዕቃ ለሚያመርቱና ለሚሸጡ ከ60 በላይ ድርጅቶች፣ ለምትናገሩት ማስረጃ ይኑራችሁ ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። ደግሞ መብራት ሲጠፋስ? መርዝም አልፈልግም። የጎረቤት ድመት ግቢያችን ውስጥ ነው የምትውለው፤ የተመረዘ አይጥ ብትበላ ማን ሊጠየቅ ነው?

የድመቷ ባለቤት ራሱ "ይሄን ቆርቆሮ ሽጠህ ተገላገል" ይለኛል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው! ሳጥኑ ምን አጠፋ? የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ስትቆረጥም ነው የምትኖረው። እንጨት ትበሳለች። ፕላስቲክ ትበሳለች፤ የእሱን የፕላስቲክ ሳጥን ማዕዘኑ ላይ ገብታበታለች፣ አይቻለሁ። ላሜራ ግን አትበሳም። የእኔን ሳጥን አንድም ቦታ በስታ አላለፈችም። በተከፈተላት በር ገባች እንጂ።

ስለዚህ አልሸጥኩትም፤ በሯን ዘጋሁባት። ቀዳዳው ከስድስት ሚሊ ሜትር የሚያንስ፣ ዝገት የማይበላው የብረት ወንፊት ገዝቼ በሁለቱም ጎን ከውስጥ በብሎን አሳሰርኩት። የመስኮት የትንኝ መረብ አይሆንም፣ ትቀደዋለች። ከመዝጊያው ሥር ያለውን ክፍተት በቀጭን ላሜራ አስደፈንኩ። በወለሉ ላይ ለምን እንደተበሱ የማይታወቁ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቄ በሲሊኮን አሸግኳቸው። የሣር ዘሩን ክዳኑ የሚጠብቅ ጣሳ ውስጥ አዛወርኩት። አየሩ እንደ በፊቱ ይገባል፤ ቤንዚን ቤንዚን አይሸትም።

ጎጆ ያገኛችሁ ሰዎች አንድ ነገር ስሙኝ፤ ደረቁን በመጥረጊያ አትጥረጉት። ከአይጥ ኩስና ሽንት የሚነሳው አቧራ በሽታ ይዞ ወደ ሳንባ ይገባል። ጓንትና ማስክ አድርጉ፤ በውሃ የቀጠነ በረኪና ርጩበት፤ ትንሽ ቆይታችሁ በጨርቅ አንሱት።

ዘንድሮ ማሽኑ በጋውን እዚያው ከርሞ አንዲት ፍሬ ኩስ አላገኘሁም። ገመዱን ሳብኩት፣ ተነሳ። ይህን ሳጥን ግዙ ወይ ብትሉኝ፣ ዓይኔን አላሽም፤ ግዙ እላለሁ። ማሽን ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

በቀደም በሠሪው ደጅ ሳልፍ አዳዲሶቹን ደርድሯቸዋል። ያው መስመር፣ ያው ስፋት። ቆምኩና የደረሰብኝን አንድ በአንድ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ "ወንፊት ከተፈለገ ለብቻው ይታሰባል" አለኝ።

ይታሰብ። ብቻ ቀሪ ክፍያውን ከመስጠታችሁ በፊት ያስገጥምላችሁ።