«የጅቡቲ ወኪል ነን» ከሚሉት ማሽን ልትገዙ ያሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ይሄን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ሁለት ቀን ካሳደርኩት «ተዪው፣ ለአላህ ስጪው» የሚሉኝ ዘመዶቼ ያሸንፉኛል።

እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ክፍል ቢሮ፣ ግድግዳው ላይ ኮንቴይነር የጫነ መርከብ ፎቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ትንሽዬ የጅቡቲ ባንዲራ። የዳቦ ማሽን፣ ጎማ፣ ጄኔሬተር፣ የወፍጮ ሞተር፣ ያሻችሁን እናመጣለን ይላሉ። ዋጋቸው ከአዲስ አበባ አስመጪ ይረክሳል። ለምን ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ዕቃው ጅቡቲ ነፃ ቀጠና ቁጭ ብሏል። ከጋላፊ ሚሌ፣ ከሚሌ ባቲ፣ ከባቲ ኮምቦልቻ። አዲስ አበባ ምን ያዞረዋል?» መንገዱን ለሚያውቅ የወሎ ሰው ይሄ ወሬ ልክ ነው። ውሸቱ መንገዱ ላይ አይደለም ያለው።

እኔና እህቴ ደሴ ውስጥ ዳቦ ቤት አለን። አሮጌው ምድጃ እያቃጠለ ስላስቸገረን አዲስ ሮታሪ ምድጃ ፈለግን። ሰውየው ካታሎግ አሳየን፤ ቱርክ ሠራሽ፣ በናፍጣ የሚሠራ፣ «ላስቲኩ ያልተቀደደ»። ሰባ በመቶ ቀብድ፣ ቀሪው ሰላሳ ተተክሎ ሲሠራ። ብሩን በባንክ አስገባን። ከዕቁብ የወጣ አለ፣ ከብድር የመጣ አለ፣ የእህቴ ወርቅ አለበት። «አብሽሪ እታለም፣ ማሽኑ እንከን ካለው አንገቴን» አለኝ። እናቴን ስለሚያውቃት ቤታችን ድረስ መጥቶ ቡና ጠጥቷል።

ውሉ አራት ገጽ ነው። ሁለቱ አማርኛ፤ ዋጋ፣ የማሽኑ ዓይነት፣ አከፋፈል። ሁለቱ ፈረንሳይኛ፣ በደቃቅ ፊደል። «ይሄ ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኩት። በደንብ ነው የማስታውሰው፣ እህቴም ነበረች። «ፈረንሳይኛ እኔም አላውቅም፤ የጅቡቲ ጉምሩክ የሚፈልገው ፎርማሊቲ ነው» አለን። በየገጹ ግርጌ አስፈረመን።

ማሽኑ መጣ ተባለ፣ ኮምቦልቻ ወረድን። በእንጨት ታሽጎ ነው። እንክፈተው ስንል «ኮንቴይነሩ ዛሬ ካልተመለሰ ዲመሬጅ፣ የመዘግየት ክፍያ ማለት ነው፣ ይቆጥርብናል፤ ደሴ ወስዳችሁ ክፈቱት» አሉ። የመረከቢያ ወረቀት ላይ አስፈርመው ጫኑልን። የሃረጎን ዳገት በጭጋግ ስንወጣ እህቴ ጋቢና ውስጥ ሆና ለሰዉ ሁሉ እየደወለች ታበስራለች።

መካኒኩ ሳንቃውን ሲያነሳ መጀመሪያ የመጣው የቀለም ሽታ ነው። ትኩስ ቀለም። ካቻቢቴውን ጥግ ላይ ጫር ሲያደርገው ከብርማው ሥር አረንጓዴ ወጣ፣ ከአረንጓዴው ሥር ዝገት። ስሙና ቁጥሩ የሚጻፍበት ሰሌዳ ተነቅሏል፤ አራት የሪቬት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። የበርነሩ ገመድ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ከዚያ መካኒኩ ተንበርክኮ ጋሪው ከሚዞርበት ብረት ሥር እጁን አስገባና የሆነ ነገር አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። የዳቦ ቅርፊት ነው። ከሰል ሆኗል። «አዲስ» ያሉን ማሽን ውስጥ የማናውቀው ሰው የጋገረው ዳቦ።

በነጋታው ኮምቦልቻ ቢሮው ሄድን። ቅርፊቱን በመሐረብ ይዤዋለሁ።

በፊት ስንመጣ በር ድረስ ወጥቶ የሚቀበለን ሰውዬ ቀና ብሎም አላየን። «ቁጭ በሉ» አለ በአገጩ። ስልክ ሲያወራ፣ ሲስቅ፣ ሌላ ደንበኛ ሲሸኝ ቁጭ ብለን አየነው። ያ ደንበኛ እንደኛ ነው፤ እጁ ላይ ካታሎግ ይዟል፣ «አብሽር ወንድምዓለም» ተብሎ ተሸኘ። ያኔ መጮህ ነበረብኝ፤ እህቴ ክንዴን ያዘችኝ።

ተራችን ደረሰ። ፎቶዎቹን አሳየሁት፣ ቅርፊቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። በእስክሪብቶ ገፋ አደረገው፣ ቆሻሻ እንደሚገፋ። ከዚያ ፋይል አወጣና ውላችንን ዘረጋው። አማርኛውን አለፈ። ፈረንሳይኛውን ገልብጦ መጨረሻው ገጽ ላይ የእስክሪብቶውን ክዳን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። በፈረንሳይኛ። ሳይደናቀፍ። ከዚያ ደግሞ ወደ አማርኛ መለሰልን፦ «ዕቃው ባለበት ሁኔታ ተሽጧል። ከዚህ ውል የሚነሳ ማንኛውም ክርክር የሚታየው በጅቡቲ ፍርድ ቤቶች ብቻ ነው።»

ወላሂ፣ ከማሽኑ ይልቅ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። «ፈረንሳይኛ እኔም አላውቅም» ያለን ሰው እኮ ነው! ቃል በቃል ተረጎመልን፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም።

«አላውቅም ብለኸን አልነበር?» አለችው እህቴ።

«ተምሬ መጣሁ» አለ።

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ጸሐፊ ሳቀች። አፏን በሻሿ ሸፍና ነው የሳቀችው፣ ግን ሳቀች።

«የሸጥክልን አንተ ነህ» አልኩት።

«እኔ ወኪል ነኝ። ወኪል አይከሰስም። ሻጩ ጅቡቲ ነው፣ ሄዳችሁ ክሰሱ።»

«ፓስፖርት አላችሁ ግን?» አለች ልጅቷ። ይሄንን ያለችው የራሳችን የወሎ ልጅ ናት። እናቷ ከኛ ዳቦ ቤት ትገዛ ይሆናል።

ስንወጣ ደግሞ ከኋላችን አስከተለልን፦ «ቀሪዋን ሰላሳ በመቶ ካልከፈላችሁ ድርጅቱ እዚያው ጅቡቲ ይከሳችኋል። ፍርዱን ይዞ መጥቶ ዳቦ ቤታችሁን ያሽጋል።» እኛ ነን የተዘረፍነው፣ እኛው ልንታሸግ!

ፒያሳ ያለ ጠበቃ ዘንድ ሄድን። የነገረንን በደንብ ልጻፈው፣ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት እኛ ይሄን ባለማወቃችን ነው።

«ወኪል አይከሰስም» ያለው ግማሽ እውነት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2189 ወኪል በወካዩ ስም፣ በሥልጣኑ ልክ የሠራው ውል እንደ ወካዩ ሥራ ይቆጠራል፤ ተጠያቂው ወካዩ ነው። ግን ወኪሉ በራሱ ስም ከሠራ፣ አንቀጽ 2197 እሱን ራሱን ተጠያቂ ያደርገዋል። ጠበቃው ወዲያው ሁለት ነገር ጠየቀን። ብሩ የገባው በማን ሂሳብ ነው? በሰውየው። ዕቃው ጉምሩክ ያለፈው በማን ንግድ ፈቃድና በማን ቲን ነው? እኛ የአስመጪ ፈቃድ የለንም፤ ስለዚህ በሱ ነው መሆን ያለበት። «እንግዲያው ዲክላራሲዮኑን አምጡልኝ» አለን፤ ዕቃው ሲገባ ለጉምሩክ የሚቀርበውን ሰነድ ማለቱ ነው። በጉምሩክ ወረቀት ላይ አስመጪው እሱ ከሆነ፣ «እኔ አገናኝ ብቻ ነኝ» ማለቱ ይከብደዋል።

ደውዬ ዲክላራሲዮን ጠየቅኩት። «የድርጅቱ ሚስጥር ነው» ብሎ ዘጋብኝ። የገዛሁት ማሽን ወረቀት ለኔ ሚስጥር!

ያም ሆኖ ነገሩ ቀላል አይደለም። እዚህ ብንከሰው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያነሳል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 ይፈቅድለታል። «ውላቸው ጅቡቲ ይላል» ብሎ ይከራከራል። የውጭ ድርጅት ስላለበትም ጉዳዩ የግለሰብ ዓለም አቀፍ ሕግ (የውጭ አገር ሰው ወይም ድርጅት ያለበት ክርክር የት፣ በየትኛው ሕግ ይታይ የሚለው) ጥያቄ ነው ከተባለ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ይሄዳል፤ በክልላችን ደግሞ ያንን ሥልጣን በውክልና የሚሠራበት የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ማለትም ስለ ማሽኑ አንድ ቃል ሳይነገር የት እንከራከር በሚለው ብቻ ጊዜ ይበላል። ጅቡቲ ድረስ እንሂድ ብንልስ? ክርክሩ በፈረንሳይኛ፣ ጠበቃው በዶላር፣ ውክልናው በየቢሮው ማኅተም ለማኅተም። ለአንድ ምድጃ! ይሄን አስልተው ነው ያቺን መስመር የሚጽፏት።

ስለ ዛቻው ግን ልባችን ትንሽ ተመለሰ። የጅቡቲ ፍርድ ኢትዮጵያ ውስጥ በራሱ እግር አይሄድም። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 456 እስከ 461 ያለው ስለዚህ ነው። የውጭ ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም በጽሑፍ አቤቱታ ይጠየቃል፣ ፍርድ ቤታችንም ይመረምረዋል። በአንቀጽ 458 መሠረት ያ አገር የኛን ፍርድ የሚፈጽም መሆን አለበት፤ ፍርዱን የሰጠው በሕግ የተቋቋመ ፍርድ ቤት፣ ፍርዱም የመጨረሻ መሆን አለበት፤ ከሕዝብ ሞራልና ፀጥታ ጋር መጋጨት የለበትም። ደግሞ ተከሳሹ ቀርቦ የመከላከል ዕድል አግኝቶ መሆን አለበት። እዚህች ላይ ጠበቃው ጣቱን አነሳ፦ «መጥሪያ ከመጣላችሁ ዝም እንዳትሉ። ዕድሉን አግኝተው አልቀረቡም ይባላል።» እስካሁን መጥሪያ የለም። ይመጣልም ብዬ አላስብም፤ የጅቡቲው ድርጅት መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ውሉ ላይ ያለው አድራሻ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው።

መሃል ላይ ንግድ ቢሮም ሄደን ነበር። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ አይደል፣ 813/2006። የቢሮው ሠራተኛ በትህትና ነገረን፦ አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፣ ለማምረቻ የሚገዛን አይደለም። የዳቦ ምድጃ ማምረቻ ነው። ፍሪጅ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ሸማች እሆን ነበር። ዳቦ ስጋግር ግን ነጋዴ ነኝ፣ ቻይው። ሻይ ጋበዘን፣ ሸኘን።

አሁን ያለንበት፦ ማሽኑ እንደተከፈተ ቆሟል። መካኒኩ ያየውን በጽሑፍ ሰጥቶናል፣ ፎቶው ቀን አለው። ለሰውየው ጉድለቱን የሚዘረዝር ደብዳቤ በጠበቃ በኩል ደርሶታል፤ ሕጉ ገዢ ጉድለት እንዳየ ሳይዘገይ ለሻጩ ያስታውቅ ይላልና። በመረከቢያው ወረቀት ላይ መፈረማችንን ያነሳብናል። ያንሳ። ታሽጎ ሳለ እንዳንከፍት የከለከለን ሠራተኛ ምን እንዳለ የሰማ የመኪና ሾፌር አለን። ሰላሳ በመቶውን አልከፈልንም፣ ፍርድ ቤት ካላዘዘን አንከፍልም። አሮጌው ምድጃ ደግሞ እንደበፊቱ ዳቦውን በአንድ ጎን እያቃጠለ ይሠራል። ደንበኞቻችን ይቅርታ።

ልትገዙ ለምትሄዱ አጠር አድርጌ፦ ውሉ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ይሁን፣ የማታነቡት ገጽ ላይ አትፈርሙ። «ክርክር ቢነሳ ደሴ ፍርድ ቤት» ብላችሁ አስጽፉ። ድርጅቱ እምቢ ካለ ግልግል ዳኝነት ይሁን፣ ማለትም በፍርድ ቤት ፈንታ ሁለታችሁ የተስማማችሁበት ዳኛ ይፍረድ፤ የውጭ የግልግል ውሳኔን የሚያስፈጽመውን የኒው ዮርክ ስምምነት ኢትዮጵያ በአዋጅ 1184/2012 ተቀብላዋለች፣ ጅቡቲም ከኛ በፊት ገብታበታለች፣ ስለዚህ ወረቀቱ ድንበር ይሻገራል። ግን ግልግሉ የት፣ በምን ቋንቋ እንደሆነ አስጽፉ፤ አለዚያ ያው ነው። የዲክላራሲዮን ኮፒ በውሉ ውስጥ ግዴታ ይሁን። ሳይከፈት አትረከቡ፣ ዲመሬጁን ራሳቸው ይክፈሉት።

ስሙን ያልጻፍኩት ጠበቃው ስለከለከለኝ ነው፣ ስም ማጥፋት ብሎ እንዳይከሰን። ኮምቦልቻ ባለ ባንዲራ ጠረጴዛ ላይ የፈረማችሁ ግን ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ያን ቀን ካታሎግ ይዘህ የወጣኸው ወንድሜ፣ ብሩን ገና ካላስገባህ አታስገባ። ካስገባህ ደግሞ ውልህን ይዘህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ሌላም የተጎዳ ካለ፣ ጄኔሬተርም ይሁን ጎማ፣ እንደዚሁ። በተለይ ዲክላራሲዮን በእጁ ያለው ሰው እፈልጋለሁ። ክሱን የምናስገባው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ አብረን ከገባን የጠበቃውም ወጪ ይካፈላል።